ጋሼ፣ እንግዳ አለ እንዴ?

ቅዳሜ ማታ ከሰፈራችን ሱቅ ሦስት ዳቦ ገዛሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው። ባለ ሱቁ ሁለቱን ፌስታል ውስጥ ከከተተ በኋላ ሦስተኛውን በእጁ እንደ ያዘ ቆም አለና «ጋሼ፣ እንግዳ አለ እንዴ?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ምን ነበረበት? ከኋላዬ ዘይት የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች፣ የስልክ ካርድ የሚፍቅ አንድ ጎረምሳና የእድራችን ጸሐፊ ቆመዋል። መጀመሪያ ዳቦውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየማታው አንድ ዳቦ ስገዛ «ጋሼ፣ ምነው አንድ ብቻ?» ያለኝ ሰው የለም። አንዷ ዳቦ የደንብ ልብሴ ሆና ኖራለች ማለት ነው። ያለ እርሷ ስገኝ ተያዝኩ።

አልዋሽም፤ እንግዳ አለ። ዕድሜዋ 58 ነው፤ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት፤ ባሏ ካረፈ ሰባት ዓመት አልፏል። የተዋወቅነው ለቅሶ ቤት ነው። አትሳቁ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው አዲስ ፊት የሚያየው የት ነው? ወይ ለቅሶ ቤት፣ ወይ የደም ግፊት መድኃኒት ሰልፍ፣ ወይ ጡረታ የሚከፈልበት መስኮት። እኔ ድንኳኑ ጥግ ካርታ እየተጫወትኩ ነበር፤ እርሷ ንፍሮ ታዞራለች። ቀመስኩና «ጨው ያንሰዋል» አልኩ። «ለቅሶ እኮ ነው የመጡት፤ ሠርግ የጠራዎት የለም» አለችኝ። ሠርግና ሞት አንድ ነው የሚባለው ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ድንኳኑ አንድ፣ ብረት ድስቱ አንድ፣ ወንበሩም ያው ጀርባው የተሰበረው የእድር ወንበር። ይኸው ስምንት ወር ሆነን፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንቱ ስንባባል ነው የኖርነው። ሰው ቢሰማን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያለን ይመስለዋል።

ከተረቶቻችን ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ነው። ባለቤት ማለት የነገሩ ጌታ ነው፤ ባለቤት ማለት ባልም ሚስትም ነው። አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሠራል። የሐዘኔ ባለቤት እኔ ነኝ፤ የሟቿም ባለቤት እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ እስከ ሰልስቱ ከጎኔ አልተለዩም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ሦስት ቀን አብሮ ያለቀሰ ሰው በሐዘኔ ላይ የዕድሜ ልክ አክሲዮን የገዛ ይመስለዋል። ትርፉንም በየጊዜው ይጠይቃል፦ መክሳቴን፣ ጥቁር ኮቴን፣ አንዷን ዳቦዬን።

የእድሩን ጸሐፊ አንድ ጊዜ ካነሣሁት አይቀር ልጨርሰው። በ2008 ዓመተ ምሕረት ታይፎይድ ጥሎኝ ከአንድ ቀብር በመቅረቴ 30 ብር ቀጣኝ። የሐኪም ወረቀት አመጣሁ። ማኅተሙ አይነበብም አለ። እንደገና አስመትቼ አመጣሁ። ቀብሩ ሐሙስ ነበር፤ ወረቀቱ የዓርብ ነው አለ። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ «በእውነት ታሞ ነበር» ብሎ ቢመሰክርልኝ እንኳ «የእርስዎ አባልነት ተቋርጧል» ብሎ ይመልሰው ነበር። 30 ብሩን ከፈልኩ፤ ይቅርታውን ግን እስካሁን አልከፈልኩትም። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠጋ ብሎ «እንኳን ደስ ያለዎት! ታዲያ መዝገብ ላይ እናስገባት? ቀደም ካሉ መግቢያው ይቀንሳል» ያለኝ። ገና ሳላገባት ቀብሯን አሰላልኝ!

የንስሐ አባቴም ጠሩኝ። የዋህ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ለምን አትመነኩስም?» አሉኝ። ካህን ሚስቱ ከሞተችበት ሁለተኛ አያገባም፤ መመንኮስ ነው። እርሳቸውም የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ያላቸውን ነው ያካፈሉኝ። እኔ ግን ካህን አይደለሁም። አብርሃምን ጠቀስኩላቸው። ሣራ በ127 ዓመቷ ስታርፍ እርሱ አሥር ዓመት ይበልጣት ነበር። አልቅሶ ቀበራት፤ ልጁን ይስሐቅን ዳረ፤ ከዚያ ኬጡራን አገባና ስድስት ልጆች ወለደ። ስድስት! አባታችን አብርሃም በእኛ ሰፈር ቢኖር ኖሮ ባለ ሱቁ ስንት ጥያቄ ይጠይቀው ነበር። አባ ሳቅ አመለጣቸው፤ «ተክሊል ግን የለህም» አሉኝ። ተክሊሉንማ በጊዜው ደፍቼዋለሁ።

አማርኛም ሲያሾፍብን ነው መሰለኝ፣ የሟች ተዝካርም ሰማንያ ነው፤ የጋብቻ ውልም ሰማንያ ነው። ወንድ የመጀመሪያውን ሰማንያ አውጥቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ቢፈርም «ምን ያድርግ፣ ማን ያብስልለት?» ይባላል። ለሴት እንዲህ የሚል የለም። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 16 ሴት ጋብቻዋ በሞትም በፍቺም ሲፈርስ 180 ቀን ሳይሞላት ሌላ እንዳታገባ ይከለክላል፤ ፀንሳ ቢሆን የልጁ አባት እንዳይምታታ ነው። እርጉዝ አለመሆኗን በሐኪም ካስመሰከረች ይለቃታል። ለወንድ ይህ ቀጠሮ የለበትም። ይሁን፤ ሕጉ ቢያንስ ቁጥሩን ጽፎታል። ቆጥረሽ ጨርሰሽ ትገላገያለሽ። የሰፈሩን ቁጥር ግን ማን ያውቀዋል? ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ያለፋት ሴት ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ለብሳ ብትወጣ የባሏ እኅት መንገድ ላይ አስቁማት «ወንድሜን ረሳሽው አይደል?» አለቻት። ይህች እኅት ወንድሟ አራት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ ሁለት ጊዜ ነው የመጣችው። አንዱም ለፋሲካ ነው። እኔን ስለ ዳቦ ጠየቁኝ፤ እርሷን ስለ ነፍሷ። ስለዚህ ነገር ስጽፍ ቀልዱ ከእጄ ይወድቅብኛል፤ ልለፈው።

ልጄ ከአሜሪካ ደወለ። ከማን እንደ ሰማ አልጠየቅኩትም፤ ዳቦው በአንድ ሌሊት አትላንቲክን ተሻግሯል። «አባዬ፣ ከከበደህ ሠራተኛ እንቅጠርልህ» አለኝ። አራት ዓመት ሽሮዬን ራሴ ስሠራ ያረረብኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ያቃተኝ ዜናው ሲያልቅ ዞር ብዬ «ሰማሽ?» የምለው ሰው ማጣት ነው። ለዚህ የሚቀጠር ሠራተኛ ካለ ደመወዙን ይንገረኝ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ወደ ዋናው ጉዳይ መጣ፦ «እናታችን የደከመችበት ቤት...» አለ። የእናቱ ድርሻ ለእርሱና ለእኅቱ በውርስ እንዳለፈ፣ የእኔም ግማሽ ከአዲሱ ጋብቻ በፊት ያፈራሁት ስለሆነ የግሌ ሆኖ እንደሚቆይ፣ በአገራችን ሕግ ያለ ኑዛዜ ሚስት የባሏ ወራሽ እንዳልሆነች በዝርዝር አስረዳሁት። ተንፈስ አለ። የሰርቪስ ክፍሉ ኪራይ ግን ካገባሁ በኋላ የጋራ ገቢ እንደሚሆን አልነገርኩትም። ሕግ የሚያነብ ልጅ ቢሆን ኖሮ የሚጨነቀው ለኪራዩ ነበር።

ስለ ባለ ሱቁ ነበር የጀመርኩት። ልጁ እንኳ ክፉ አይደለም፤ ምናልባት ከልቡ ደስ ብሎት ይሆናል። ብቻ የዚያን ዕለት ፌስታሉን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ እየተነጫነጭኩ ነበር። ሦስት ዳቦ የገዛሁት በሒሳብ ነው፦ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእርሷ፣ አንዱ ለይሉኝታ። ስትመጣ ሻይ አፈላሁ፤ ዳቦውን ቆርሼ አቀረብኩ፤ የሱቁን ጉድ ከነድምፁ እያስመሰልኩ ተረኩላት። ዳቦውን በጣቷ ወደ እኔ መለስ አደረገችው።

«ስኳር አለብኝ፣ ዳቦ አልበላም ብዬ ሁለት ጊዜ አልነገርኩህም?» አለችኝ።

ሦስቱንም ዳቦ ብቻዬን በላኋቸው። «አልነገርኩህም» ነው ያለችው። «አልነገርኩዎትም» አላለችም።