ቻው ብሎ የተመለሰው ሰውዬ

መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲለቅ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። መዋጮ ይሰበሰባል። ካርድ ይገዛል፤ ስሙን በቅጡ ለማታውቁት ሰው ሁሉ «መቼም አንረሳህም» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። አንድም ቀን አመስግኖት የማያውቅ አለቃ ንግግር ሲያደርግ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ፎቶ፣ እቅፍ፣ እንባ። እሺ፣ ይሄ ሰውዬ ከርሞ ከርሞ አንድ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ የድሮ ወንበሩ ላይ ቁጭ ቢልስ? ደስ ይበለን ወይስ ስጦታውን መልስ እንበለው? ያ ሁሉ እንባስ በማን ሒሳብ ይያዛል?

አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ያደረገን እንደዚያ ነው።

ኳስ ተጫዋች ሲያቆም «ጫማውን ሰቀለ» እንላለን። ብስክሌተኛ ምን እንደሚሰቅል እንጃ፣ ብስክሌቱን ይሆናል። ብቻ ሰውየው በፈረንጆቹ ጁላይ 24 ቀን 2005 ፓሪስ ላይ ሰቀለ። ሰባተኛ ተከታታይ ቱር ደ ፍራንሱን፣ ያንን ፈረንሳይን ለሦስት ሳምንት የሚያዞር ትልቁን የብስክሌት ውድድር አሸንፎ፣ የመሪውን ቢጫ ማሊያ እንደለበሰ። በ1996 ካንሰር ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ዘልቆበት የነበረ፣ በ1999 ደግሞ ዓለምን ያስጨበጨበ ሰው ነው እንግዲህ። መድረኩ ላይ ማይክ ሰጡት። እሱም የማያምኑበትን ሰዎች «አዝንላችኋለሁ» አላቸው፤ በተአምር ስለማታምኑ አዝንላችኋለሁ ዓይነት ነገር። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ «በላቸው!» አልኩ። እጄ ላይ ያቺ ሊቭስትሮንግ የሚል የካንሰር በጎ አድራጎቱ መፈክር የተቀረጸባት፣ በአንድ ዶላር የምትሸጠው ቢጫ የላስቲክ አምባር ነበረች። ያኔ እሷን ያላጠለቀ ሰው ካንሰርን የሚደግፍ ይመስል ነበር።

አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱ አላጠለቀም።

ወዳጄ የሰውየውን ውድድር እንደ መርማሪ ፖሊስ ነበር የሚያየው። አንድ ቀን አብረን እያየን፣ ሌሎቹ ዳገቱ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ትከሻቸው ከብስክሌቱ ጋር ሲወዛወዝ፣ ስክሪኑ ድረስ ሄዶ በጣቱ የአርምስትሮንግን ፊት ነካ። «አየህ? አፉ ተዘግቷል። ሰው እንዴት አፉን ገጥሞ ተራራ ይወጣል?» አለኝ። «በአፍንጫው ይተነፍሳላ!» አልኩት። ለሰባት ዓመት ስንከራከር ከኔ በኩል የቀረበው ትልቁ ሳይንሳዊ መልስ ይሄ ነበር።

ስንብቱ እንባ ቢያስለቅሰኝም፣ እውነቱን ልናገር፣ ገላገለኝ። ምክንያቱም ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 2005፣ ሌኪፕ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በ1999 የተሰጠ የሰውየው ሽንት በኋላ ሲመረመር ኢፒኦ ተገኝቶበታል ብሎ ጻፈ። ኢፒኦ ማለት ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ፣ ደም ብዙ ኦክስጅን እንዲሸከም የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ለበሽተኛ የተሠራ፣ በሽተኛ ላልሆነ ደግሞ ዳገትን ሜዳ የሚያደርግ። ወዳጄ ጋዜጣውን ይዞ መጣ። እኔም ከዚያ በፊት ያልነበረኝን መሣሪያ መዘዝኩ፦ «ሰውየው ጡረታ ወጥቷል። የጡረተኛ ሽንት ምን ይሠራላችኋል?»

ሠራ! አፉን አስያዝኩት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት በዚች አንዲት መልስ ኖርኩ። ማንም ምንም ቢል፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ተውት፣ ልጆቹን ያሳድግበት። አምባሯን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ በክብር አኖርኳት። ፋይሉ ተዘጋ።

እነዚያ ሦስት ዓመታት ለስፖርቱ ደህና አልነበሩም። በ2006 የአርምስትሮንግ የድሮ የቡድን ጓደኛ ፍሎይድ ላንዲስ ቱሩን አሸነፈ ተባለና እልልታው ሳያባራ ምርመራ ወድቆ ተገኘ። በ2007 ማይክል ራስሙሰንን ቢጫ ማሊያ ለብሶ እየመራ ሳለ የገዛ ቡድኑ አስወጣው፤ የት እንደነበረ ዋሽቶ ነው ተብሎ። እኔም እንደ ሽማግሌ «ድሮ ቀረ!» ማለት ጀመርኩ። ድሮ ምን እንደነበረ ግን አልጠየቅኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2008 መጣ። ሰውየው ሊመለስ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ያለ ደመወዝ ነው የምወዳደረው፣ ዓላማዬ ስለ ካንሰር ግንዛቤ ማስፋት ነው አለ።

እዚህ ላይ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ዘለልኩ። ቀጥሎ ሆዴን ቁርጠት ነገር ያዘኝ። ልክ ገንዘብ የተበደራችሁት ሰው ስልክ ሲደውል እንደሚሰማችሁ። «አንተ ሰውዬ፣ አምልጠህ የለም ወይ? ምን ልታደርግ ትመለሳለህ?» አልኩ ለብቻዬ። ከዚያ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ንጹሕ ነው ብዬ ለሰባት ዓመት የማልኩለት ሰው ከምንድን ነው ያመለጠው?

ወዳጄስ? ለወዳጄ ሠርጉ ነበር! ደወለልኝ፣ ድምፁ እየሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚሰድበው ሰው አጥቶ ከስቶ ነበር እኮ። «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ። እንግዲህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ የሚጠላው ሰው እጁን ዘርግቶ ሲጠብቀው፣ የሚወደው ሰው በሩን ከውስጥ ቆልፎ «የለም በሉት» ይላል።

የተመለሰ እሱ ብቻ አይደለም፣ ልክ ነው። ማይክል ጆርዳን ተመልሷል። የኛው ኃይሌም በኖቬምበር 2010 ኒው ዮርክ ላይ ማራቶኑን አቋርጦ «በቃኝ» ካለ በኋላ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሯል። ግን ኃይሌ የተመለሰው እንባችን ሳይደርቅ ነው፤ ያን እንደ ስንብት አልቆጠርነውም፣ ደክሞት የተናገረው ነው ብለን ተውነው። አርምስትሮንግ ሦስት ዓመት ሙሉ አስለምዶን ነው የመጣው።

ጃንዋሪ 2009 አውስትራሊያ ላይ ጀመረ። ማርች ላይ ስፔን ውስጥ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። ይቅር ይበለኝና፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል «ተገላገልን» ብያለሁ። በቀዶ ጥገና ብረት አስገብተውለት ሜይ ላይ ጣሊያንን ሊዞር ሲነሳ ግን ይሄ ሰውዬ እንደማይተወን ገባኝና አምባሬን ከመሳቢያ አወጣኋት። አጠለቅኳት። ግን ረጅም እጅጌ ለበስኩ።

የዚያን ዓመት ቱር ደ ፍራንስ ሳስታውስ እስካሁን ይደክመኛል። አርምስትሮንግ የገባበት አስታና የሚባለው ቡድን ውስጥ አልቤርቶ ኮንታዶር አለ፤ የ2007 አሸናፊ፣ ወጣት፣ ዳገት ላይ እንደ ፍየል የሚዘል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ታውቃላችሁ። እዚህ ጅቡ ተመልሶ መጥቶ እዚያው ግቢ ገባ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ጋላቢዎቹን ለሁለት ሲከፍል አርምስትሮንግ ከፊት፣ ኮንታዶር ከኋላ ቀሩ፤ ቡድን ተብዬው ሁለት አውራ ዶሮ የሰፈረበት አንድ ቆጥ ሆነ።

በማግስቱ የቡድን የሰዓት ውድድር ነበር፤ እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ተነሥቶ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት። ቆሜ ነው ያየሁት፣ ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ። አስታና ገባ። ሰዓቱ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አርምስትሮንግና እስከዚያ ቢጫ ማሊያውን ይዞ የነበረው የሌላ ቡድን ጋላቢ ፋቢያን ካንቸላራ በጠቅላላ ሰዓት እኩል ለእኩል! ቢጫ ማሊያውን የሚለብሰው የቱ ነው? መቶኛ ሰከንድ መቁጠር ተጀመረ። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ዝም አለ። እኔ እየጸለይኩ ነው፣ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም፤ በአንድ አፌ «ስጠው» እላለሁ፣ መልሼ «ባትሰጠው ይሻላል» እላለሁ። ማሊያው በ0.22 ሰከንድ ለካንቸላራ ቀረ። ዓይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ማለት ነው። እኔም ቁጭ አልኩ። የተናደድኩ መሰለኝ፣ ግን ከጭንቅ የተገላገለ ሰው ትንፋሽ ነበር የተነፈስኩት።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቨርቢዬ ዳገት ላይ ኮንታዶር ተነሥቶ ሄደ። አርምስትሮንግ ሊከተለው አልቻለም። አፉ ተከፍቶ ነበር! ወዳጄን ወዲያው ደወልኩለት። «አየህ? በአፉ እየተነፈሰ ነው!» አልኩት። ጀግናዬ ሲሸነፍ ደስ ብሎኝ ስልክ የደወልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። መጨረሻ ላይ ሦስተኛ ወጣ፣ ከኮንታዶር 5 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ዘግይቶ። ከዚህ የተሻለ ውጤት አይገኝም! አንደኛ ቢወጣ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ እንዴት ተብሎ ልንመረመር ነው። ሃምሳኛ ቢወጣ ልናፍር ነው። ሦስተኛ ግን፣ ይኸው ተሸነፈ፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው፤ ሦስተኛ ወጣ፣ ስለዚህ ድሮም ጎበዝ ነበር። ፓሪስ ላይ ለስፔናዊው ኮንታዶር በስህተት የዴንማርክን መዝሙር ሲያጫውቱለት፣ እኔ እንኳን የሰውየውን፣ የአገሩንም ድል የቀማሁት ያህል ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንግዲህ እዩ።

በ2010 ደግሞ ሃያ ሦስተኛ ወጣ። በአንድ ቀን ተደጋግሞ ሲወድቅ ማየት አቃተኝና ወደ ኩሽና ገባሁ። ከዚያ በፊት፣ በሜይ፣ ያው ማሊያውን የተነጠቀው ላንዲስ የድሮ ቡድናቸውን የቅመም ገመና በኢሜይል ዘርግፎታል። ፌብሩዋሪ 2011 ሰውየው ሁለተኛ ተሰናበተ። ማን አለቀሰ? ለሁለተኛ ስንብት መዋጮ የለም። ካርዱም ላይ ቦታ አልቀረም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ2012 የአሜሪካ ፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም ፋይሉን ዘረገፈው፣ በኦክቶበር የዓለም የብስክሌት ኅብረት አጸደቀው። ሰባቱም ዋንጫዎች ተሰረዙ፣ ከ1999 እስከ 2005 ያለው የአሸናፊዎች ዝርዝር ባዶ ቀረ። ለሌላ ለመስጠት እንኳ አልተሞከረም፤ ከኋላው ከነበሩት ስንቶቹ ናቸው እጃቸው ንጹሕ የሆነው? ያቺ የምወዳት ሦስተኛነትም አብራ ተሰረዘች። በጃንዋሪ 2013 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታዋቂዋ ጠያቂ ኦፕራ ፊት ተቀምጦ ሰባቱንም ያሸነፍኩት ቅመም ተጠቅሜ ነው አለ፤ ከተመለስኩ በኋላ ግን አልነካሁም ብሎ ድርቅ። መመለስህ ይጸጽትሃል ወይ ስትለው፣ አዎ፣ ባልመለስ ኖሮ እዚህ አንቀመጥም ነበር ዓይነት መልስ ሰጠ።

ሶፋዬ ላይ ብድግ አልኩ። «እኔ አላልኩህም?» ብዬ ጮህኩበት። ቴሌቪዥን ላይ ላለ ሰው። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ወዳጄ እንደሚደውል ጠብቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልደወለም። በሦስተኛው ቀን እኔው ደወልኩ። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። «ተወኝ እባክህ» አለኝ፣ ቅዝዝ ባለ ድምፅ። «አሁን ማንን ልጠርጥር?»

አምባሯን አልጣልኳትም። የቻርጀር ገመድ አስሬባታለሁ። ጥብቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሰውየው ዛሬ ስለ ብስክሌት የሚያወራ ፖድካስት አለው። ቱሩ በደረሰ ቁጥር የዕለቱን ውድድር ይተነትናል። እኔ እሰማዋለሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ቀንሼ። ለወዳጄ አልነገርኩትም፣ ያፌዝብኛል። ባለፈው አብረን ስናይ ግን አንዱ ጋላቢ ገና ታች ላይ አፈትልኮ ሲወጣ ወዳጄ ከመሬት ተነሥቶ «ይሄ ቸኩሏል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው» አለ፣ በሙሉ እርግጠኝነት፣ እንደ ባለሙያ።

ዞር ብዬ አየሁት። ቃል በቃል ጠዋት የሰማሁት ነው።

ምንም አላልኩም። እሱም ስክሪኑን ትኩር ብሎ ማየቱን ቀጠለ።