ልጆቹን ኮማንድ አታሸምድዷቸው

ይሄን ነገር በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ልተንፍሰው። እዚህ ጎንደር ኮምፒውተር ለሚማሩ ልጆች ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሲስተም) የሚሰጥበት መንገድ አንጀቴን ያቃጥለዋል።

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ስለምሠራ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ሊኑክሱ እምቢ አለኝ» ይሉኛል። ከፍቼ ሳየው ማሽኑ ደህና ነው። እምቢ ያለው ከሃንዳውት የተገለበጠው ኮማንድ፣ ማለትም ለማሽኑ የሚጻፈው ትዕዛዝ ነው።

አንዱን ሃንዳውት ተቀብዬ አነበብኩት። ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ወረቀት ነው። ቫሪያብል (ስም የተሰጠው ዋጋ) ለማስገባት «ሴትኢንቭ» ብላችሁ ጻፉ ይላል። «ሴትኢንቭ» ሲ ሼል የሚባለው ፕሮግራም የሚያውቀው ኮማንድ ነው። ልጁ ላፕቶፕ ላይ ያለው ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ሲከፈት የሚመጣው ባሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው፤ ባሽ ላይ ይሄው ሥራ «ኤክስፖርት» ይባላል። ልጁ የታዘዘውን ጻፈ። ማሽኑም እንዲህ የሚባል ኮማንድ አላገኘሁም አለው። የልጁ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? አጥፊው የየትኛው ሼል ኮማንድ እንደሆነ ሳይጽፍ ወረቀቱን ያባዛው ሰው ነው።

ሼል ማለት የጻፍነውን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። አንድ ብቻ አይደለም። ስቲቭን ቦርን ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የሠራው ሼል በ1979 ከዩኒክስ (ሊኑክስ አርአያ ካደረገው ሲስተም) 7ኛ እትም ጋር ወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በዚያው ሰሞን ቢል ጆይ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲ ሼልን ሠራ። ሁለቱ አጻጻፋቸው አይገጥምም። በኋላ የመጡት ኮርን ሼል፣ የብሪያን ፎክስ ባሽ በ1989፣ ዚሽ በ1990፣ በአብዛኛው የቦርንን መንገድ የያዙ ናቸው። ይሄን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሃንዳውቱ ግን የሁለቱን ወገን ኮማንዶች ቀላቅሎ ከላይ «የዩኒክስ ኮማንዶች» ብሎ ጽፎበታል።

ቴሌግራም ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ጀማሪ «ከየትኛው ሼል ልጀምር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ወዲያው ይዘንባል። «ባሽ የፋራ ነው፣ ዚሽ ጫን።» «ኧረ ፊሽ ይሻላል።» ከዚያ ቀለም ያሸበረቀ ስክሪንሾት ይለጠፍለታል። ልጁ ለሳምንት የገዛውን ፓኬጅ ጌጥ ሲያወርድበት ያድራል። በነጋታው ከትምህርት ቤት የመጣው ስክሪፕት (ኮማንዶች የተደረደሩበት ፋይል) አልሠራ ይለዋል። የመከሩት ሰዎች ያን ጊዜ ድምፃቸው የለም።

ዚሽ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እኔም እወደዋለሁ። አፕል ራሱ በ2019 ማክ ላይ መነሻ ሼሉን ከባሽ ወደ ዚሽ ቀይሮታል። ግን ለጀማሪ የሚነገረው አብሮ ይነገር። ባሽ ላይ የአሬይ (በተራ የተደረደሩ ዋጋዎች) ቆጠራ ከ0 ይጀምራል፣ ዚሽ ላይ ከ1። ፊሽ ላይ ደግሞ ቫሪያብል በእኩል ይሆናል ምልክት ብቻ አይሰጥም፤ «ሴት» የሚል ኮማንድ አለው። ባሽ ላይ «ሄልፕ ሲዲ» ተብሎ ሲጻፍ ስለ «ሲዲ» (ከፎልደር ወደ ፎልደር መሄጃው ኮማንድ) አጭር ማብራሪያ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ ዚሽ ከፍታችሁ ያንኑ ብትጽፉ «ሄልፕ» የሚባል ኮማንድ የለም ትባላላችሁ። ዚሽ የራሱን ውስጣዊ ኮማንዶች ያብራራው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ሼል ሲቀየር እርዳታ የሚገኝበት ቦታም ይቀየራል። ይሄን ለጀማሪ ሳይነግሩ ዚሽ ጫን ማለት ልጁን ሜዳ ላይ መተው ነው።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ኡቡንቱ ከሆነ የያዛችሁት፣ ባሽ ላይ ቆዩ። ሌላውን ስትለምዱ ትደርሱበታላችሁ። አሁን የትኛው ሼል ውስጥ እንዳላችሁ ለማወቅ ደግሞ «ኤኮ» ብላችሁ ዶላር ምልክትና ዜሮ (echo $0) ጻፉ። ብዙ ሰው «ኤኮ» ብሎ የዶላር ምልክትና ሼል የሚለውን በካፒታል (echo $SHELL) ይጽፋል፤ እሱ የሚነግራችሁ ለአካውንታችሁ የተመዘገበውን እንጂ አሁን የከፈታችሁትን አይደለም። አንድ ወጥመድም አለ። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ «ኤስ ኤች» (sh) ተብሎ ሲጠራ የሚመልሰው ባሽ ሳይሆን ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው። ዳሽ አሬይ አያውቅም። ባሽ ላይ ሲሠራ የዋለ ስክሪፕት «ኤስ ኤች» ብለው ሲያስነሡት የሚሞተው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚብስብኝ ግን እርዳታ መፈለጊያውን አለማስተማር ነው። መልሱ እኮ ላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጧል! የዩኒክስ መመሪያ የመጀመሪያው እትም የወጣው በኖቬምበር 1971 ነው። ዛሬ እሱን ለመክፈት «ማን» (man) ብሎ የኮማንዱን ስም መጻፍ ነው። ልጆቹ ግን «ማን ሲዲ» ብለው ሲጽፉ መመሪያ የለም ይባላሉ፤ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። «ሲዲ» የሼሉ የራሱ አካል እንደሆነ ማን ይንገራቸው? መጀመሪያ «ታይፕ ሲዲ» ቢሉ ማሽኑ ራሱ ይነግራቸው ነበር። የሼሉ አካል ከሆነ «ሄልፕ»፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ከሆነ «ማን»። በቃ ይኸው ነው።

መመሪያው በክፍል የተከፋፈለ መሆኑም አይነገርም። ክሮንታብ ሥራዎች በተቀጠረላቸው ሰዓት በራሳቸው እንዲሠሩ ማዘዣ ነው። «ማን ክሮንታብ» ስትሉ የሚመጣው የፕሮግራሙ ገጽ ነው። ሰዓትና ቀኑ በፋይሉ ውስጥ እንዴት እንደሚጻፍ ያለው «ማን 5 ክሮንታብ» ላይ ነው። የኮማንዱን ስም የማያውቅ ሰው «ማን» ብሎ፣ ሰረዝና ኬ አስከትሎ፣ የሚፈልገውን ቃል ቢጽፍ ተዛማጆቹ ይዘረዘሩለታል። ገጹ ውስጥ ቃል መፈለጊያው ወደፊት ያዘመመው ሰረዝ ነው። መውጫው ኪው ነው። መውጫው ጠፍቷቸው ተርሚናሉን ዘግተው የሚያመልጡ የ3ኛ ዓመት ተማሪዎች አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ጎንደር ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ጉግል የለ፣ ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ያን ጊዜ ልጆቹ «ኔት ሲመጣ እንማራለን» ብለው ላፕቶፕ አጠፉ። ያ ሁሉ የመመሪያ ገጽ ግን ያለ አንድ ሜጋባይት ይከፈት ነበር። ያሳያቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ወራት ባከኑ። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመመሪያው እንግሊዝኛ ይከብዳል የሚለው እውነት ነው። ዴቢያን (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) እና ኡቡንቱ ላይ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ የተተረጎሙ ገጾች በጥቅል ተዘጋጅተው ይጫናሉ። የአማርኛውን ብትፈልጉ አታገኙም። የምንተረጉመው እኛ ነን፤ ሌላ ማን ይመጣልናል? እስከዚያው ግን የገጹን አቀማመጥ ማስተማር ይቻላል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀርም ይሠራል። ሦስት ነጥብ ያለው ሊደገም ይችላል። ይሄን ያወቀ ልጅ በደካማ እንግሊዝኛም ይገባዋል።

ፈተናው ደግሞ ይመጣል። «የታርን ኦፕሽኖች ጻፉ፣ 5 ማርክ።» ታር ፋይሎችን አንድ ላይ ማሸጊያ ኮማንድ ነው። ሲስተም የሚያስተዳድር ባለሙያ እንኳ ሲጠራጠር መመሪያውን ይከፍታል። ተማሪው ግን መሸምደድ አለበት፤ በሳምንቱ ይረሳዋል።

መምህራን፣ እባካችሁ። ሃንዳውቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የየትኛው ሼል እንደሆነ ጻፉ። «ታይፕ»ን፣ «ሄልፕ»ን እና «ማን»ን ከ«ኤል ኤስ» (ፋይሎችን ከሚዘረዝረው ኮማንድ) በፊት አስተምሩ። ፈተናውንም ተርሚናል ላይ አድርጉት፤ «ማን» ከፍተው ይሥሩ።