ታንኳው ላይ የጫናችሁትን ፒያኖ አውርዱልን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ አጭር ፊልም አየን። ጎህ ሊቀድ ነው፣ ጣና ላይ ጭጋግ ተኝቷል፣ አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ቀስ እያሉ ይቀዝፋሉ። ምስሉ ያምራል፣ አልክድም። ወዲያው የቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» የተባለው የፒያኖ ሶናታ ገባበትና ሁሉም ነገር ፈረሰ።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አዘጋጁ «የእኛ መሣሪያ ከገባ ፊልሙ ዶክመንተሪ ይመስላል፣ ክላሲካል የዓለም ቋንቋ ነው፣ ደግሞም ነፃ ነው» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

«ነፃ ነው» ከምትለዋ ልጀምር። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1827 ሞቷል፣ ኖታው የሁሉም ነው፣ እሺ። ግን አዳራሹ ውስጥ ኖታ አልሰማንም። የሰማነው አንድ ፒያኒስት ቁጭ ብሎ የተጫወተውን፣ ሌላው ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸውን ድምፅ ነው። ያ ቅጂ ባለቤት አለው፣ የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ መብት እንዳለው ያውቃል። አውርዶ ለጥፎ ነፃ ነው ማለት፣ ባለቤቱ ካላየ የእኔ ነው እንደማለት ነው።

«ታላቁ የፊልም ሠሪ ኩብሪክም አድርጎታል» ያለም ነበር። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጠፈር ፊልሙ የተጻፈለትን ሙዚቃ ጥሎ ለጠፈር መርከቧ የዮሐን ስትራውስን ቫልስ፣ የዳንስ ሙዚቃ፣ ሰጣት። ግን ጠፈር የማንም ቀዬ አይደለም! ድምፅም የለውም። የፈለገውን ቢያለብሰው ማን ይከፋዋል? ጣና ግን ድምፅ አለው። መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ ወፎቹ ሲነሱ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የድንጋዩ ደወል ሲመታ፣ በበዓል ሌሊት ከበሮውና ጸናጽሉ ከወዲያ ማዶ በውኃው ላይ ሲመጣ፣ እዚህ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የት እንዳለ ያውቃል። ሶናታው ይሄን ሁሉ ደፈነው። እኚያ አባትም ከቀዛፊነት ወደ ፖስትካርድ ወረዱ።

ዶክመንተሪ ይመስላል ላልከውስ፣ ማን አስመሰለው? ዋሽንትና ክራርን ለቱሪዝም ማስታወቂያ ብቻ ስንጠራቸው ኖረን፣ አሁን ማስታወቂያ ማስታወቂያ ሸተቱ ብለን እናማርራለን። ቅዳሴ ፊልም ውስጥ ክተቱ አላልኩም። ግን አራራይ ዜማ ሰምቶ ሆዱ ያልባባ፣ በሁዳዴ ማታ በገና ሰምቶ ዝም ያላለ ሰው አለ? ለሐዘን ቪየና ድረስ ምን አስኬደን?

ፒያኖ ጠልቼም አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ፣ ክላሲካሉን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነበሩ። ከዚያ ፒያኖውን በእኛ ቅኝት አናገሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ታሪኩ የ1920ዎቹ ሃርለም ነው፣ የሚያጅበው ፒያኖ ግን የእማሆይ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ፊልሙን በሙላቱ አስታጥቄ ዜማ አስጓዘው። እነሱ ከእኛ ጎተራ እየዘገኑ፣ እኛ የሞላ ጎተራችንን ዘግተን ልመና እንወጣለን። ይሄ ያናድዳል፣ በጣም ያናድዳል።

አዘጋጁ ወንድሜ፣ ፊልሙን ለውድድር ልትልከው ነው አሉ። ከመላክህ በፊት ያንን ሶናታ አውጣው። ምትክ ካላገኘህ የመቅዘፊያውን ድምፅ ብቻ ተወው። ቀረጻው ላይ ሳይኖር አይቀርም።