እንዳይጣል

ትናንት ማታ አንድ ሲዲ ፈልጌ ቤቱን አተራመስኩት። መሳቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ ሥር፤ የለም። ደክሞኝ ሶፋው ላይ በጀርባዬ ብዘረር ከኮርኒሱ ላይ ቁልቁል ያየኛል። በቀይ ሪባን ታስሯል። ዙሪያውን ዶቃ ተለጥፎበት ቀስ እያለ ይሽከረከራል።

«ያምራል አይደል?» አለች ባለቤቴ። ለበዓሉ ከአሮጌ ዕቃ የሠራችው ጌጥ ነው። አሠራሩን ቪዲዮ ላይ አይታ ነው።

አሮጌ! ሲዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ነው። እኔ እበልጠዋለሁ። እሱ አሮጌ ከተባለ የእኔ ተራ መቼ ነው?

ደግሞ ባዶ አይደለም፤ የሠርጋችን ፎቶ አለበት። ነበረበት ልበል መሰለኝ። ሰው ሁሉ የሚሳሳው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። በዚያ በኩል እኮ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ይከላከልለታል። ፎቶው የተቀመጠው በጀርባው፣ ስም የምንጽፍበት ፊት ሥር ነው፤ የሸፈነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ። እሷ ትኩስ ሙጫውን ያፈሰሰችው የት ይመስላችኋል? ያ ቀስተ ደመና የሚመስለው ቀለምም የሚመጣው ብርሃን ፎቶው በተጻፈባቸው ቀጫጭን መስመሮች ላይ ሲበተን ነው። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያብረቀርቃል!» ሲል የሚያደንቀው ሚዜዎቼን ነው ማለት ነው።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን ሁሉም ዶሮዋ ላይ ይፈርዳል። እኔ የምፈርደው ዳክዬዋ ላይ ነው። ላባዋ ቅባት እንዳለው፣ በጣቶቿ መሃል ቆዳ እንዳለ አትናገርም። ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። የቪዲዮዋ ሴትዮም እንደዚያው ናት። «ምንም ወጪ የለውም» ትላለች። ሙጫ ማቅለጫው፣ የሚረጨው ወርቃማ ቀለም፣ ሪባኑ፣ ዶቃው ከሰማይ የወረደ ይመስል! የሁለት ሲዲ ጌጥ ለመሥራት ቤታችን የገባው ዕቃ አዲስ ጌጥ ገዝቶ መልስ ያስተርፍ ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ልጅ ሆኜ የእጅ ሥራ መምህራችን «ከተጣለ ዕቃ አንድ ነገር ሠርታችሁ አምጡ» አሉን። ከቆርቆሮ መኪና ሠራሁ። ጎማው የጠርሙስ ክዳን ነው፤ መሪው ይዞራል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አባቱ የሠሩለትን የካርቶን ቤት፣ ከነመጋረጃው ተሸክሞ መጣ። እሱ ከ10 9 አገኘ፤ እኔ 5። «ሥራህ ጽዳት ይጎድለዋል» ተባልኩ። ከቆሻሻ ሥሩ ብለው ሲያበቁ ጽዳት! ዛሬም ያንን ልጅ መንገድ ላይ ሳገኘው የአባቱን ጤንነት አልጠይቅም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አምፖል። የተቃጠለ አምፖል ቀለም ቀብቶ መስቀልም ተጀምሯል። የድሮው ክብ አምፖልስ ይሁን፤ ውስጡ ክርና ጋዝ ነው። ያ ጠመዝማዛው ኃይል ቆጣቢ ግን ሜርኩሪ አለበት። ከተሰበረ መርዙ ሳሎን ውስጥ ይተናል። ልጆች ከሥሩ ይሯሯጣሉ፣ እናንተ ደግሞ በክር አንጠልጥላችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ። እዚህ ላይ እየቀለድኩ አይደለም። አውርዱት!

ወደ ሲዲው ልመለስ። እንደገባኝ ከሆነ በቤታችን አሮጌ ማለት ባለቤቱ አጠገቡ ያልቆመ ዕቃ ነው። ይህንኑ ተናገርኩ።

«ለመሆኑ በምን ልታየው ነበር?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ኮምፒውተራችን ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ከገዛነው ጀምሮ አልነበረውም።

ወንበር ላይ ወጥቼ ላወርደው ስል ጀርባውን አዞረልኝ። ከሙጫው ሥር የራሴ የእጅ ጽሑፍ ይታያል፤ በወፍራም ማርከር «እንዳይጣል!» ይላል።

«ይኸው!» አልኳት። «ጽፌበት ነበር እኮ!»

«ታዲያ መች ጣልኩት?»