ዕድል ብቻ አይደለም

ያነበብኩት ጽሑፍ የአሜሪካው ቤዝቦል ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 ያነሳውን ዋንጫ «የዕድል ጉዳይ» ብሎ ይዘጋዋል። በከፊል እውነት ነው። ከሚልዋኪ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 8ኛው ኢኒንግ (ከ9ኙ የጨዋታ ዙሮች አንዱ) ላይ ናሽናልሶች 3 ለ 1 እየተመሩ ሳለ የተጫዋቻቸው የሁዋን ሶቶ ምት በቀኝ ሜዳ ተከላካዩ ጓንት ሥር ሾልካ 3 ነጥብ ባታስገባ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ግን በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ቡድኑን 19 ጨዋታ አሸንፎ 31 እስኪሸነፍ ድረስ ያደረሰው ምን ነበር? በጨዋታ መሀል ተቀይረው የሚገቡት ተጠባባቂ ኳስ ወርዋሪዎቹ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 5.66 ነጥብ ሰጥተዋል። ይህ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም፣ በዘዴ ተሸፈነ እንጂ። በሐምሌ መጨረሻ ወርዋሪውን ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጡ፤ በጥቅምቱ የዋንጫ ጥሎ ማለፍ ውድድር ደግሞ ሌላ ጊዜ ጨዋታ የሚጀምሩትን ዋና ወርዋሪዎች በመሀል አስገቡ። ይህም ዋጋ አለው፦ ከነሱ አንዱ ፓትሪክ ኮርቢን ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በተደረገ ጨዋታ እንዲህ ገብቶ አንድ ኢኒንግ እንኳ ሳይሞላ 6 ነጥብ ተቆጥሮበታል። ከሂውስተን ጋር በተደረገው 7ኛውና የመጨረሻው የፍጻሜ ጨዋታ ግን 3 ኢኒንግ ያለ ነጥብ ዘጋ።

በዚያው ጨዋታ የሂውስተኑ አሰልጣኝ ወርዋሪውን ዛክ ግሬንኪን ገና 80 ኳስ እንደወረወረ ማውጣቱን ጽሑፉ ሳያነሳ ማለፉ ገርሞኛል። ቀጥሎ የገባው ዊል ሃሪስ ዝቅ አድርጎ ከመቺው ራቅ አድርጎ የወረወራትን ኳስ የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ መታት፤ የሜዳውን የቀኝ ድንበር ምሰሶ ነክታ ሆም ረን (መቺው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) ሆነች፤ ሂውስተን 2 ለ 1 ይመራው የነበረው 2 ለ 3 ሆነ። የሃሪስ ውርወራ መጥፎ አልነበረም።