ከሩቅ ሆኖ ጅማ ላይ ቤት ማከራየት
ከሩቅ ሆኖ ቤት ስለማከራየት ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ በክልል ከተማ ቤት ለሚያከራይ ሰው ርካሽ ሰፈር መምረጥ ይበቃዋል ማለታቸውን አልቀበልም። ከዋና ከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማችን ቀዳሚው ጥያቄ ተከራዩ ማን ነው የሚለው ነው፤ በዩኒቨርሲቲውና በሕክምና ማዕከሉ አካባቢ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ዓመቱን ሙሉ ቤት ሲፈልጉ፣ በቡና ንግድ ላይ የተንጠለጠለው ፍላጎት ግን ከምርቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። እኔ በግቢ ውስጥ ከተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች ይልቅ ኮንዶሚኒየም እመርጣለሁ፤ በረጅሙ ክረምታችን የሚያፈስ ቆርቆሮንና በጋራ ቆጣሪ የሚነሳ ጭቅጭቅን በስልክ መዳኘት አይቻልምና (የአጎቴን ልጅ ወክዬ ሞክሬዋለሁ፤ ዝምድናችንን ጎዳው)። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ስለማያንስ፣ ባለቤቱ ተከራዩን በአካል ሳያይ ባይፈርም ይሻለዋል።