ረቡዕ ረቡዕ ለሚያስጾሙኝ ክቡር መጽሔት

ጉዳዩ፦ በውስጥዎ ላልነበረ ታሪክ የተከፈለ ዋጋን ይመለከታል

ለክቡር ሳምንታዊ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) መጽሔት፤

ስምዎን በአደባባይ ከመጥራት ተቆጥቤአለሁ፤ እዚህ ቶኪዮ የምንኖር ሁሉ ግን በ400 ገጽ ገደማ ውፍረትዎ፣ ጣት በሚያጠቁረው ቀለምዎና በሻካራው ወረቀትዎ ከሩቅ እንለይዎታለን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝ ባለፈው ረቡዕ ማታ፣ ካትሱሺካ ውስጥ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ ኮንቢኒ (የሰፈር ሱቅ)፣ በእርስዎ ምክንያት የደረሰብኝ ነገር ነው።

ሰልፉ የተለመደው ሰልፍ ነበር። ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ሂሳባቸውን በየተራ ማኅተም ያስመታሉ፤ እኔ እርስዎን እንደ ድርሳን በብብቴ ይዤ እጠብቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ ሻጩ ከረጢት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የነጥብ ካርድ ይኖረኝ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ የምፈልገው ታሪክ በውስጥዎ ስለ መኖሩ ግን የጠየቀኝም የነገረኝም አልነበረም፤ እርስዎም በማሰሪያ ስለታሸጉ ሳይከፍሉ ማየት አይቻልም። ከፈልኩ። ደጅ ወጥቼ ማሰሪያውን በጠስኩና ከሃያ ገደማ ታሪኮችዎ መካከል የምከታተለውን አንዱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት (ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበቡ ፊትና ኋላዎ ራሱ ያከራክራል) ብፈልገው የለም።

ጤነኛ ሰው እንደሚያስበው ገጽ ጎድሎብኛል ብዬ አሰብኩ። ተመልሼ ገባሁ፤ እንደገና ተሰለፍኩ፤ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ብቻ በማስቀምጠው የአክብሮት ጃፓንኛም፣ «ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ይህ መጽሔት ገጾች ሳይጎድሉበት አልቀሩም» አልኩ። ሻጩ ደንግጦ ኃላፊውን ጠራ፤ ኃላፊው አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀኝና ገጽ በገጽ ይቆጥር ጀመር። ሰልፉ ከመጠጥ ማቀዝቀዣው ሲደርስ፣ ከአያቱ ጋር የቆመ፣ ዕድሜው ከአሥር የማይበልጥ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ በዚህ ሳምንት አይወጣም፤ ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል» አለኝ። እንዳልገባኝ ጠርጥሮም፣ ለታናሽ ወንድም እንደሚነገር ቃሉን ቆራርሶ ደገመልኝ፦ «ኪዩ... ሳይ።» ለጊዜው አይወጣም ማለት ነው። አያቱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ኃላፊው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ እንደገና አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይህ ዓይነቱ ይቅርታ ከጥፊ እንደሚብስ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል።

ቤት ገብቼ ያለፈውን እትም ብገልጥ በእርግጥም ሁለት ካንጂ (ከቻይና የመጡት ባለ ትርጉም ፊደላት) ተጽፈዋል፤ ከጎናቸውም ንባባቸው በትንንሽ ሂራጋና (ድምፅን ብቻ በሚጽፈው ፊደል) ተቀምጧል። የሸቀጥ ማስታወቂያ መስሎኝ አልፌዋለሁ። እርስዎን መግዛት የጀመርኩት ደግሞ ለእነዚያው ትንንሽ ፊደላት ስል ነበር፤ «ለልጆች የተዘጋጀ ስለሆነ ካንጂው ሁሉ ከነንባቡ ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፍም ይረክሳል» ብለው ያማለሉኝ የአገሬ ልጆች ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳውን አንድ ቃል ተምሬብዎታለሁ።

ረቡዕን የመረጡትስ ሥርዓታችንን አጥንተው ይሆን? እኔ ከሥጋና ከወተት ስጾም፣ እርስዎ ከታሪኩም አስጾሙኝ።

ዋጋዎን በተመለከተ፣ ከ300 የን በላይ ለ400 ገጽ ርካሽ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በኪሎ የሚመዘን ከሆነ አልክድም። ነገር ግን 300ውን ብቻ ይዘን፣ በበዓላት ሰሞን የሚጣመሩትን እትሞች ቀንሰን በዓመት 48 ጊዜ ይወጣሉ ብንል እንኳ 14,400 የን ይሆናል። የምከታተለው ታሪክ ለብቻው በመጽሐፍ ተሰብስቦ ሲወጣ አንዱ ቅጽ ከ500 የን ጥቂት ከፍ ይላል፤ በዓመት አምስት ቅጽ ቢወጣ 3,000 የን አይሞላም። ስለዚህ ከ11,000 የን በላይ የምከፍለው ለማላነባቸው ታሪኮችና ቅጹ እስኪወጣ ላለመጠበቅ ነው፤ እርስዎም ያስጠብቁኛል። በሲባጎ አስሬ የምጥልበትን ድካም አልቆጠርኩም።

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1959 ሾነን ማጋዚንና ሾነን ሰንደይ የተባሉት ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔቶች በአንድ ቀን ሲወለዱ፣ አንዱ 40 የን፣ ሌላው 30 የን ነበሩ። ተፎካካሪያቸው ሾነን ጃምፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ በደረሰበት ዘመን ደግሞ ያነበበው ሰው ባቡር ውስጥ ጥሎት ሲወርድ ሌላው እያነሳ ያነብ ስለነበር፣ አንዱ የከፈለውን ሦስትና አራት ሰው ይካፈለው ነበር። ዛሬ ባቡሩ ሁሉ ስልኩን አቀርቅሮ ያያል፤ የማነሳውም የማወርሰውም የለም። ወንድሜ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሚሠራው ማንጋ ፕላስ በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት የጃምፕን አዳዲስ ምዕራፎች በእንግሊዝኛ በነጻ ያነባል፤ «እዚያው ፋብሪካው በር ላይ ሆነህ ትከፍላለህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

የአንባቢ አስተያየት ካርድዎንም አንድ ጊዜ ሞልቼ ነበር፤ የእኔን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም በዚያች ሳጥን ሳጭቅ ቀኑ አለፈ።

ከኮንቢኒው ማግሥት መዝገበ ቃላት ይዤ ያንን «አይወጣም» የሚለውን ማሳሰቢያ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ምክንያቱ የሠዓሊው የጤና ሁኔታ መሆኑን ይገልጻል፤ አንድ መስመር። ክቡርነትዎ... ኧረ አንተ መጽሔት! ሳምንት ሳታሳልፍ ሃያ ገጽ ያህል የምታስስለው ሰው ታሞ ሲወድቅ፣ ለሕመሙ አንድ መስመር፣ ለሸቀጥ ማስታወቂያ ሙሉ የጀርባ ሽፋን ትሰጣለህ? ሲድን መልሰህ እዚያው ወንበር ላይ ልታስቀምጠው አይደለምን? እኔስ ብሆን፣ ከዚያ ኮንቢኒ ወጥቼ እስከ ቤቴ ድረስ «ይህ ሰነፍ» እያልኩ የረገምኩት እሱን ነበር። ልጁ ፊት ያፈርኩት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

«አንተ» ስላልኩዎት ይቅርታ እየጠየቅኩ ወደ ማዕረግዎ መልሼዎታለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሳምንቱ የማይወጣው ታሪክ ስም ከማሰሪያው ውጭ፣ በሽፋንዎ ላይ፣ ሥዕል ከሌለው ሥፍራ ይጻፍ። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ያ ልጅ ሰልፉ ውስጥ መኖሩን ሳላረጋግጥ ገንዘቤን አላወጣም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር ከፋይዎ

ግልባጭ፦ ከአያቱ ጋር ለቆመው ልጅ